ከመጠን ያለፈ ውፍረት፦ ከተግሣጽ ወደ ክትትል

«ወፈርህ፤ ተመችቶሃል» የሚለው ሰላምታ በኢትዮጵያ ከተሞች ዛሬም እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ያው ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ ግን ምርቃቱ በተግሣጽ ይተካል፤ «ምግብ ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ» ተብሎ ይሸኛል። አንደኛው ውፍረትን የምቾት፣ ሁለተኛው የስንፍና ምልክት ያደርገዋል። ሕክምናው ሊመሠረት የሚገባው ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ እንደ ደም ግፊት ሁሉ፣ የረጅም ጊዜ ክትትል የሚሻ ሥር የሰደደ ሕመም ነው በሚለው ግንዛቤ ላይ ነው።

ተግሣጽ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት በሰውነት አሠራር ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ የስብ ክምችቱን መጠን ለአንጎል ያሳውቃል። ሰው ሲከሳ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ ረኃብ ይበረታል፤ ሰውነትም ኃይል መቆጠብ ይጀምራል። በአሜሪካ በአንድ የክብደት ቅነሳ የቴሌቪዥን ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል ከሚጠበቀው በቀን በ500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛው ክብደታቸውም ተመልሶ ነበር። ይህን በስንፍና ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

መድኃኒትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በሳምንት አንድ ጊዜ በመርፌ የሚወሰደው ሴማግሉታይድ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሙከራ፣ በ68 ሳምንታት ክብደትን በአማካይ በ15 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሕክምናው ከተቋረጠ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ታካሚዎቹ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተመልሶባቸዋል።

ውፍረትን ሕመም ብሎ መጥራት የግለሰቡን ኃላፊነት ያላላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ማስረጃው ግን የሚያሳየው ኃላፊነት ፍሬ የሚያፈራው ድጋፍ ሲያገኝ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎች 7 በመቶ ክብደት እንዲቀንሱ በ16 ተከታታይ ትምህርቶችና በክትትል አግዟል፤ በዚህም በበሽታው የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀንሷል። ምክሩ ከተለመደው ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ልዩነቱ ታካሚው ብቻውን አለመተዉ ነው።

የምግብ እጥረት ባልተወገደባት ኢትዮጵያ ለዚህ አዲስ ሆስፒታል መገንባት አያስፈልግም። የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን በቀጠሮ የሚመላለሱባቸው ክፍሎች አሉ። በእነዚህ ክፍሎች የታካሚውን ወገብ በሜትር መለካትና በካርዱ ላይ መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ክብደትንና ቁመትን ብቻ የሚያነጻጽረው ስሌት የማይናገረውን የሆድ ስብም ያመለክታል። የስኬቱ መለኪያም ሚዛን ብቻ መሆን የለበትም፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ እንኳ የደም ግፊትንና የስኳር መጠንን ያሻሽላል። ታካሚው ክብደቱ ቢመለስ እንኳ ሳያፍር የሚመለስበት ቀጠሮ ሊኖረው ይገባል።