ከመልመድ መላ

«ሲስተም የለም!»

ይህችን ሁለት ቃል ያልሰማ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። በባንክ መስኮት፣ በምዝገባ ወረፋ፣ መታወቂያ በሚታደስበት ክፍል፣ ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ቀና እንኳ ሳይል ይወረውራታል። አባቶቻችን «ሹሙ የሉም፣ ነገ ተመለስ» ይባሉ ነበር። እኛ ደግሞ ሹሙ እያሉ፣ ጸሐፊዋ እያለች፣ ማኅተሙም እያለ፣ «ሲስተም የለም» ተብለን እንመለሳለን። የነገ ተመለስ ባህል አልሞተም፤ ስሙን ቀይሮ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ እንጂ።

በዚህ ጉዳይ ላይ በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ የሚደረገው ክርክር በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው።

አንደኛው የረጋሚዎች ጎራ ነው። ረጋሚው መብራት ሲጠፋ ይራገማል፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ስልኩን አልጋው ላይ ይወረውራል፤ መስኮት ላይ ያገኛትን ልጅ ይሰድባል። ልጅቷ ግን ሲስተሙን አልሠራችውም፣ አልገዛችውም፣ ሲበላሽም የማስተካከል ሥልጣን የላትም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይኸው ነው። ረጋሚው ማታ ወደ ዶርሙ ሲመለስ ጉዳዩ አልተፈጸመለትም፣ ሰላሙንም አጥቷል። በአንድ ቀን ሁለት ኪሳራ!

ሁለተኛው የለማጆች ጎራ ነው። «ምን ታረገዋለህ፣ ልመደው በቃ!» ይላል። ይህ ጎራ ጨዋ ይመስላል፤ ትዕግሥተኛም ይባላል። ሰላም ማለት ይህ ነው እየተባለም ይሰበክልናል። እኛ ግን ይህን ሰላም አንለውም፤ ድንዛዜ ነው እንላለን። የታመመ ጥርስ ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ይቆማል። ጥርሱ ዳነ ማለት ነው እንዴ? ለማጁም እንደዚሁ ነው፤ አያመውም፣ ግን እየበሰበሰ ነው።

እኛ ከሁለቱም አይደለንም። አቋማችን መልመድ ሌላ፣ መላ ሌላ ነው የሚል ነው። የለመደ ሰው መሰናክሉን ማየት ያቆማል። መላ የሚፈልግ ሰው ግን መሰናክሉን አተኩሮ ያየዋል፤ በእጁ ያለውንና የሌለውን ይለያል፤ ባለው ይሠራል፣ የሌለውን ይጠይቃል። እውነተኛ ሰላም የሚገኘው ከዚህ መለየት ነው።

ምሳሌ ሩቅ አንሄድም። ከመካከላችን አንዱ የጥናት ጽሑፉን ሊያስረክብ አንድ ሌሊት ሲቀረው መብራት ሄደ። የኮምፒዩተሩ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ሳያስቀምጣቸው የቀሩት ስድስት ገጾች ከመብራቱ ጋር አብረው ሄዱ። መጀመሪያ ተራገመ፤ ሰው ነውና አንፈርድበትም። ከዚያ ሻማ አብርቶ የሚያስታውሰውን በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመረ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ መጀመሪያ በእጁ ይነድፋል፤ አንድ አንቀጽ በጨረሰ ቁጥር ያስቀምጣል፤ አንድ ቅጂ ጓደኛው ዘንድ ያኖራል። መብራቱ ዛሬም ይጠፋል። እሱ ግን አይደነግጥም። የመብራቱ ነገር አሁንም ያናድደዋል፤ ሌሊቱን ግን አይሰርቀውም።

የፊደላችን ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። የጽሕፈት መኪና 26 ፊደል ላለው የላቲን አጻጻፍ የተሠራ መሣሪያ ነበር። ቁልፎቹ አርባ ምናምን ናቸው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ። ለማጁ ቢጠየቅ «እንግዲያው በፈረንጅ ፊደል እንጻፍ» ባለ ነበር። ረጋሚውም የመኪናውን እናትና አባት ሲራገም ውሎ ባዶ እጁን በገባ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ግን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠሩ። ፊደሉ በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ ቁልፍ እየተመታ ተጻፈ። ማማሩን አላማረም፤ ቅጥያው ከፊደሉ ተነጥሎ እንደ እንግዳ የቆመበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው ተጻፈ፣ ስቴንስሉ ተመታ፣ ከእኛ በፊት የነበረው ተማሪ የልቡን አባዝቶ አነበበ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኛም «ለመዱት» ብለን በተውነው ነበር። አላበቃም። ኮምፒዩተር ሲመጣ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪው ሁሉ ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ሰው የማያነበው የምልክት ክምር ሆነ። ባለሙያዎች ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ፊደላችን የራሱን ቋሚ ቦታ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ መጣ። ልብ እንበል፤ መጀመሪያ ፊደሉ ለመኪናው ጎንበስ አለ፤ በኋላ መኪናው ለፊደሉ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ማለት ነውር አይደለም። ጎንበስ ብሎ መቅረት ነው ነውሩ!

እዚህ ላይ ግለሂስ ማድረግ ግድ ይለናል፤ ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንን አንርሳ። እኛ፣ ስለ ባህልና ስለ ሥነ ጽሑፍ የምናወራ ሰዎች፣ እርስ በርስ በስልክ ስንጻጻፍ አማርኛውን በላቲን ፊደል አይደለም እንዴ የምንጽፈው? ሲጀመር ምክንያት ነበረው። አንድ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። የአማርኛው ሰሌዳ የሌለው ስልክም ብዙ ነበር። ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ ሂሳቡን አስልቶ ወደ ላቲኑ ሄደ። ያኔ መላ ነበር፤ አንነቅፈውም።

ዛሬስ? ዛሬ ውሏችን በቴሌግራም ነው፤ ፊደል ቆጥሮ የሚያስከፍለን የለም። የአማርኛ ሰሌዳውም በነፃ ይገኛል። እግሩ ድኗል፤ ምርኩዙን ግን አልጣልንም። ላቲኑ ጠ እና ተን፣ ቀ እና ከን አጥርቶ አይለይልን። ልጁ «አባቴ መጣ» ብሎ በደስታ ይጽፋል፤ ጓደኛው «አባቴ መታ» ብሎ አንብቦ ይደነግጣል። ስቀን እናልፈዋለን። ግን ነገ ታናሽ ወንድማችን ጤፍ በጤ ነው ወይስ በቴ የሚጻፈው ብሎ ሲጠይቀን እንስቃለን? የትናንት መላ ሳይመረመር ሲቆይ የዛሬ ልማድ ይሆናል። ከለማጆቹ ጎራ ሳናውቀው የገባነው በዚህ በር ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው።

ለረጋሚዎች፦ መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ተዉአት። ቁጣችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ መወሰን ለሚችለው ሰው አድርሱ።

ለለማጆች፦ ትዕግሥታችሁን እናከብራለን፤ ዝምታችሁን ግን አንወርስም።

ለመሥሪያ ቤቶች፦ ሲስተም በሌለ ቀን የሚሞላ የወረቀት ቅጽ ይኑር። ባለጉዳዩ ይሙላ፣ ተራ ቁጥር ይሰጠው፣ ሲስተሙ ሲመለስ ከወረቀቱ ይገልበጥ። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም፤ አንድ ደስታ ወረቀትና አንድ አሳቢ ሰው ይበቃል።

ለራሳችን፦ ይህን ገጽ አንብቦ የጨረሰ ሁሉ ዛሬ ማታ ለአንድ ጓደኛው በገዛ ፊደሉ ይጻፍ። መጀመሪያ ጣቱ ይንቀራፈፋል። ይንቀራፈፍ! እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል።

መብራቱ ነገም ሊጠፋ፣ ኔትወርኩም ሊቆራረጥ ይችላል። ሰላማችንን ግን ሽቦ ላይ አንሰቅለውም። እነሱ «ሲስተም የለም» ሲሉን፣ እኛ ሳንሳደብም ሳንደነዝዝም፣ «ወረቀትና እስክሪብቶ አለ» እንበላቸው።