ሊቁና ነጋዴው ብዕር ያንሡ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም። ከሁሉ ይልቅ ሊሠሩበት የሚገባቸው ግን ዕለት ዕለት ከሕዝብ ጋራ የሚገናኙት ሁለት ወገኖች፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶችና የንግድ ሰዎች ናቸው። ሕዝቡ ኀዘኑንና ደስታውን ይዞ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤቱን ጕድለት ለመሙላት የሚወጣውም ወደ ገበያ ነውና፣ የሰውን ኑሮ ከእነዚህ ከሁለቱ አብልጦ የሚያውቅ ማን አለ? ሆኖም ብዙ እያወቁ ጥቂት የሚጽፉት እነርሱው ናቸው። የዛሬው አስተያየቴም አባቶችና ነጋዴዎች በየሳምንቱ ባይቻላቸው በየወሩ፣ ሳያቋርጡ ለሕዝብ ሊጽፉ ይገባል የሚል ነው።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ምሳሌነት እንመልከተው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጐዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይወጣል። ጉም በሚያዘወትረው በዚያ ገደል ውስጥ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያስፈለፈሉት መሿለኪያ አለ፤ ርዝመቱም ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በላይ በኩል ያለው ደጋ የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። በታች በኩል ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቈላ ደግሞ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ያወጣል። እንግዲህ ጣርማ በር ደጋና ቈላ የሚለዋወጡበት እውነተኛ በር ነው። በዚህ በር የሚያልፈውን እህል ዋጋ ከነምክንያቱ የሚያውቀው ነጋዴው ነው፤ በዚህ አገር የሚወለደውን፣ የሚያገባውንና የሚሞተውን የሚያውቁት ደግሞ የደብሩ ካህንና የመስጊዱ ሼኽ ናቸው። ዕውቀቱ ግን በሰዎቹ ራስ ውስጥ ተቀምጦ ሰዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

እንዲህ ያለው ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጣርማ በር ወደ ደቡብ፣ በዚያው የገደል ጫፍ አንኮበር ትገኛለች፤ ከእርሷ በታች ዓልዩ አምባ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ዓልዩ አምባ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ታላቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይመነዘርባት፣ ቡናና ጨርቅ ይሸጥባት፣ በዚያው መንገድም ባሪያ ሳይቀር ይነዳ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚህ ገበያ ማስረጃ በፈለግሁ ጊዜ በእጄ የገባው የእንግዶች ጽሑፍ ብቻ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ ወደ ሸዋ የመጣው ሐሪስ ያየውን ሁሉ ጽፎ በ1844 በመጽሐፍ አሳተመ። ጆንስተን የተባለውም ሐኪም፣ ሚሲዮናዊው ክራፕፍም፣ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም ያዩትን ጽፈዋል።

እነዚህን ሰዎች ልናመሰግናቸው እንጂ ልንነቅፋቸው አይገባም። ነገር ግን እንግዳ የሚጽፈው በአስተርጓሚ የሰማውንና ዐይኑ የወደቀበትን ነው። የጨው ዋጋ በክረምት ስለምን እንደሚወደድ፣ ማን ለማን በእምነት እንደሚያበድር፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በምን ቃል ኪዳን አብረው እንደሚነግዱ አጣርቶ ሊነግረን የሚችለው ዕድሜውን በዚያ የፈጀው ነጋዴ ነበር። ያ ነጋዴ ከሐሪስ ያነሰ ዕውቀት አልነበረውም፤ የጐደለው የመጻፍ ልማድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የገዛ አያቶቻችንን ገበያ ለማወቅ የሎንዶን መጽሐፍ እንገልጣለን።

የጻፉትማ ምን ያህል እንደ ጠቀሙን ተመልከቱ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐቤቴ የተወለዱ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩ። በኋላ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ሲደርሱ የሥራ ብዛት ብዕራቸውን አላስጣላቸውም። ማተሚያ ቤት አቋቁመው መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ አከታተሉ። በ1915 ዓ.ም. ባወጡት «የሕይወት ታሪክ» በተባለው መጽሐፋቸው ስማቸው ተረስቶ ይቀር የነበረ ብዙ ሰዎችን አቈይተውልናል።

በንግዱ በኩል ደግሞ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አሉ። ነጋድራስ ማለት በጥንቱ ሥርዐት የነጋዴዎች አለቃ፣ በኋላም የጕምሩክ ሹም ነው። እኒህ ሰው በድሬዳዋ ጕምሩክ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በዐይናቸው እያዩ፣ ጥሬ ሀብቱን ሸጦ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ አገር እየደኸየ እንደሚሄድ አስረድተው ጻፉ። ገና በወጣትነታቸው በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። እነሆ ከመቶ ዓመት በኋላ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ይከራከሩበታል። ሌሎቹ የጕምሩክ ሹማምንት ያዩት ይህንኑ ነው፤ እርሳቸው ግን ጻፉት።

ምናልባት አንባቢ «አንድ ጥሩ መጽሐፍ ይበቃል፤ በየጊዜው መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። መጽሐፍ ለትውልድ ይጠቅማል፤ የዛሬው ሰው ጥያቄ ግን የዛሬ መልስ ይሻል። የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ገና የትምህርት ጳጳስ ሳሉ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1965 «አል ኪራዛ» የተባለውን መጽሔት አቋቋሙ። ከዚያ ወዲያ ፓትርያርክ ሆነው እስካረፉበት እስከ 2012 ድረስ መጻፍን አልተዉም፤ ለአል አህራም ጋዜጣም ይጽፉ ነበር። በየሳምንቱ ረቡዕ ጉባኤ ምእመናን በቍራጭ ወረቀት የጻፉላቸውን ጥያቄ በሕዝብ ፊት እያነበቡ ይመልሱ ነበር። ሹመታቸው ከዚህ ሥራ አላዋረዳቸውም፤ እንዲያውም አከበራቸው።

ከነጋዴዎች ወገን አሜሪካዊው ባለጸጋ ዋረን ባፌት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በየዓመቱ ለማኅበርተኞቻቸው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤውን ለገዛ እኅቶቻቸው እንደሚጽፉ አድርገው በቀላል ቃል ያዘጋጁት እንደ ነበረ ተናግረዋል። ያተረፉትን ብቻ ሳይሆን የተሳሳቱበትንም ይጽፉ ስለ ነበር፣ ገንዘብ በኩባንያቸው ያላኖረው ሰው ሳይቀር ያነበው ነበር።

በእኛ አገር ዘይት ወይም ሲሚንቶ በተወደደ ጊዜ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ነጋዴው ደበቀው» ይላል። ደብቆትም ይሆናል፤ መንገድ ተዘግቶበት፣ የጭነት ዋጋ ጨምሮበት ወይም የውጭ ምንዛሪ አጥቶም ይሆናል። ነጋዴው ዝም ካለ ግን እውነተኛው ከአጭበርባሪው ጋራ አብሮ ይታማል። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ከሙዳየ ምጽዋት የወጣው ገንዘብ ለጣሪያ ክዳን ይዋል ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ፣ አለቃው በየወሩ በአንድ ገጽ ቢያስታውቁ ሐሜቱ ወዴት ይገባ ነበር? ደግሞም በየጊዜው የሚጽፍ ሰው በገዛ ቃሉ ይታሰራል። በመስከረም የጻፈውን በጥር ቢክደው አንባቢው «እንዲህ ብለው አልነበረምን?» ብሎ ይጠይቀዋል። እንግዲህ መጻፍ ለሕዝቡ ዋስትና፣ ለጸሓፊውም ልጓም ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው የአባቶች ነው፤ «ስሜ ይታይ ብሎ መጻፍ ውዳሴ ከንቱ ነው» ይላሉ። ትሕትናቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ቅኔ የተማረ ሊቅ ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ ቅኔ ይቀኛል፤ የትናንቱን ዛሬ ቢደግመው ነውር ነው። ሳያቋርጡ አዲስ ነገር ማሰናዳት ለሊቃውንታችን የኖረ ሥርዐታቸው እንጂ አዲስ ትምህርት አይደለም። ያን ቅኔ የሚሰማው ግን ግእዝ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነውና፣ ከዚያው ጥበብ ጥቂቱን ለገበሬውና ለተማሪው በሚገባ አማርኛ ቢያካፍሉ ውዳሴ ከንቱ ሳይሆን ምጽዋት ይሆንላቸዋል።

ሁለተኛው የነጋዴው ነው፤ «ምሥጢሬን ለተወዳዳሪዬ ልግለጥን? ጊዜስ ከየት ይመጣል?» ይላል። የምሥጢሩን መዝገብ ማንም አልጠየቀውም። ማታ ማታ ሒሳቡን በደብተር ሲዘጋ ዛሬ ገበያው ስለምን እንደ ቀዘቀዘ ሁለት መስመር ቢጨምር በወር ስድሳ መስመር ይሆንለታል፤ ከዚያ ውስጥ ለሕዝብ የሚሆነውን መምረጥ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ማተሚያ ቤት መጠበቅም ቀርቷል፤ በየኪሳችን ያለው ስልክ ጽሑፉን በአንድ ቅጽበት ከጣርማ በር እስከ ዋሽንግተን ያደርሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የራሳችን ዘመን ታሪክ ነው። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፣ በዚያ አገር የነበሩ ካህናትና ነጋዴዎች ያዩት ብዙ ነው። ማን የተፈናቀለውን እንዳስጠጋ፣ ማን እህሉን ያለ ትርፍ እንዳካፈለ፣ ማን በችግር ላይ ዋጋ እንደ ጨመረ ያውቃሉ። ይህን እነርሱ ካልጻፉት ማን ይጽፈዋል? የልጅ ልጆቻችን ስለ ዓልዩ አምባ እኛ እንዳደረግነው ስለ እኛም ከእንግዳ መጽሐፍ ይማሩን?

እናንተ ተማሪዎች፣ ይህ ነገር ለእናንተም የቤት ሥራ አለው። በየሰፈራችሁ ብዙ የሚያውቁ፣ ነገር ግን መጻፍ ያልለመዱ አባትና ነጋዴ አሉ። በዕረፍታችሁ ቀን ሄዳችሁ «አባታችን፣ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ ልጻፍ» በሏቸው፤ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ በስማቸውም ይውጣ። እናንተም ወጣት ሹማምንት፣ ነጋዴው ስለ ቀረጡና ስለ መንገዱ፣ ካህኑ ስለ ድኻው የጻፉትን ሳታነቡ ትእዛዝ አታውጡ። የጻፈውን ሰው ስለ ጻፈ አትቈጡት፤ የተቈጣችሁት ዕለት እርሱም ብዕሩን ያስቀምጣል፣ እናንተም ሕዝቡ የሚኖርበትን ሳታውቁ ትፈርዳላችሁ።