ማጣሪያው ሰፋ፣ መስመሩስ?

ባለፈው ሴሚስተር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ብሉ ፕሌይንስን ጎብኝተን ነበር። በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚገኝ የዋሽንግተን ዲሲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወገኖች፣ አብዛኞቻችሁ ሳታውቁት የየዕለት ደንበኞቹ ናችሁ። በቀን ወደ 1.45 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የማጣራት አቅም ስላለው በዓለም ላይ ካሉት ግዙፎች አንዱ ነው። አፍንጫችንን ለመያዝ ተዘጋጅተን ሄደን በግዝፈቱ አፋችንን ይዘን ተመለስን።

እኔን ግን ያስገረመኝ ጣቢያው ሳይሆን ከመሬት በታች ያለው ዋሻ ነው። በከተማዋ አሮጌ ክፍል የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቱቦው ሞልቶ ፍሳሹ ሳይጣራ አናኮስቲያ ወንዝ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህን ለመቀነስ በአናኮስቲያ በኩል ብቻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ ተቆፈረ፤ የመጨረሻው ክፍል ሥራ የጀመረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ፍሳሹን ማጣሪያው በር ለማድረስ ነው።

የአዲስ አበባውን ቃሊቲ ያሰብኩት እዚያው ቆሜ ነው። በ1970ዎቹ የተሠራው የድሮው ጣቢያ በቀን 7,600 ሜትር ኪዩብ ገደማ እንዲያጣራ የታሰበ፣ ሥራውን ለፀሐይና ለባክቴሪያ የተወ የኩሬዎች ስብስብ ነበር። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተስፋፋው አዲሱ ጣቢያ አቅሙ 100,000 ደርሷል፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። የተመረጠው ዘዴም ብልህነት አለበት። የመጀመሪያው ደረጃ አየር በማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ስለሚሠራ ብዙ መብራት አይበላም። መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መሬቱም ራሱ ያግዛል፤ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ድረስ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ስላለ ፍሳሹ በአብዛኛው ያለ ፓምፕ ይወርዳል።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? አቅሙን የምንቆጥረው በሜትር ኪዩብ ብቻ መሆኑ ነው። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘ ቤት ማጣሪያው ቢሰፋ ባይሰፋ ለውጥ አያይም። የጉድጓድ ሽንት ቤቱ ይሞላል፣ መምጠጫ መኪና ይጠበቃል፤ ካልመጣ ክረምት ይጠበቅና በጎርፍ ተሳቦ ወንዝ ይለቀቃል። በዚያው ወንዝ ጎፋና መካኒሳ ላይ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ከላይ የለቀቅንበት እኛ ነን።

ከማኅበራችን ልጆች አንዳንዶቹ «መጀመሪያ ማጣሪያው ይኑር፣ መስመሩ ይከተላል» ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው፤ ማጣሪያ ሳይኖር መስመር መዘርጋት ቆሻሻውን ከሰፈር ሰፈር ማዛወር ነው። ግን መስመር በራሱ አይከተልም። ዋናው ቱቦ በደጁ እያለፈ ያልተገናኘ ግቢ አለ፣ ምክንያቱም የማስቀጠያው ወጪ በአንድ ጊዜ ከባለቤቱ ኪስ ይጠየቃል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ በማይጠቀልለው ቤት ላይ ለምን ያወጣል? በእኔ እምነት ቀጣዩ የማስፋፊያ ብር መጀመሪያ እዚህ ላይ ይዋል። መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ወደየግቢው የሚገባው ቅርንጫፍ አብሮ ይቀበር፣ ክፍያውም በውሃ ቢል ላይ በየወሩ ይከፋፈል። ሪፖርቱም ስንት ቤት እንደተገናኘ ይናገር።

እኛም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለንም። ከዚህ ብር እየላክን ቤት የምናሠራ ብዙ ነን። ያው የኛ ነገር፣ ስለ ሴራሚኩ ቀለም ሦስት ሳምንት እንከራከራለን፤ ፍሳሹ የት እንደሚገባ ግን አንጠይቅም።

አባቴ አጎቴን ወክሎ ቤት እያሠራ ነው። ባለፈው እሑድ ደውዬ «አባዬ፣ የፍሳሽ መስመሩ ከግቢው ስንት ሜትር ይርቃል?» አልኩት። ዝም አለ። «የምን መስመር? ጉድጓድ አስቆፍረናል እኮ» አለኝ። ጉድጓዱ ከታችኛው ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚርቅ ስጠይቀው ደግሞ «ቆይ፣ ለክቼ እነግርሃለሁ» አለ። እስካሁን አልደወለም። ዛሬ ማታ እኔ እደውላለሁ።