ዕዳው ከደመወዝ ይቈረጥ፤ ዲግሪው ግን ይሰጠን

በየዓመቱ ከምንፈርማቸው ወረቀቶች አንዱ የወጪ መጋራት ውል ነው። ሰልፉ ረጅም፥ ተረካቢውም ችኩል ስለሚሆን ብዙዎቻችን ቍጥሩን ሳናይ ስማችንን ጽፈን እንሄዳለን። ከተመረቅን በኋላ ግን ይህች ወረቀት ከማናቸውም የትምህርት መጽሐፋችን ይልቅ ረጅም ዘመን አብራን ትኖራለች።

በቅድሚያ፥ ዕዳው እውነተኛ ዕዳ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ያልገባለት የሲዳማ ገበሬና የሐዋሳ ፒያሳ ባለሱቅ በከፈሉት ግብር ስንበላና ስንተኛ ኖረናል። «መንግሥት ይተወው» የሚሉ ጓደኞቻችን ማንን ክፈል እንደሚሉ ቢያስቡበት ደግ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ እንዲያገለግል ይደረግ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቍጥር 91 ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ አደረገ። ሥራ ሲይዝ አሠሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቀነሰ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል፤ መክፈያውም እስከ 15 ዓመት ይደርሳል ተባለ። ለመምህራን በአገልግሎት መክፈል ተፈቀደ። አሳቡ መልካም ነው፤ ያገኘ ይክፈል ማለት ነውና።

ነገር ግን በሥራ ላይ ሲውል አንድ ቋጠሮ ገባበት። ተመራቂው ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይወጣል፤ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ዕዳው መከፈሉ እስኪረጋገጥ ይያዛል። ዋናውን አምጣ የሚል ቀጣሪ ሲገጥመው፥ ወይም ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲያገኝ፥ ምን ያድርግ? አባቱ ገንዘብ ያለው ልጅ ዕዳውን ባንድ ቀን ዘግቶ ወረቀቱን ይወስዳል። የድኻው ልጅ ደመወዝ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ወረቀት፥ ደመወዝ አግኝተህ ስትከፍል ውሰድ ይባላል። እንግዲህ ሸክሙ ባገኘው ላይ ሳይሆን ባላገኘው ላይ ወደቀ።

ለመንግሥትም ቢሆን ጥቅሙ አይታየኝም። ከተማችን ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ተመራቂ አሠሪ ስለሌለው የሚቀንስበት የለም፤ ዲግሪው መዝገብ ቤት ተቀምጦም አንድ ብር አይወልድም። ብሩም በ15 ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚረክስ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ለተማሪዎቿ ያበደረችውን የምታስከፍለው ገቢያቸው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ፥ በግብር በኩል ነው። እኛ አገር ይህ አይቻልም የሚል ሰው ቀድሞ እውነት ነበረው፤ የተመራቂውን ዱካ የሚከተል ነገር አልነበረምና ወረቀቱ መያዣ ሆነ። ዛሬ ግን የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር አለ፥ ፋይዳም አለ። ዕዳው በዚያ ቍጥር ላይ ይመዝገብና ሰውየው በሄደበት ይከተለው።

ይህ እስኪሆን የተማሪዎች ኅብረታችን ዛሬውኑ ሊጠይቀው የሚችል አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ለምግብ፥ ለመኝታና ለትምህርት ስንት እንደተጻፈበት በየርእሱ ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጠው። ዓመቱን አቋርጦ የወጣ፥ ወይም ግቢ ሳያድር የተማረ ልጅ ያልበላው ምግብና ያልተኛበት አልጋ ተጽፎበት እንደሆነ የሚያየው ያን ጊዜ ነው፤ ስሕተቱንም ከአምስት ዓመት በኋላ ከሌላ ከተማ እየተመላለሰ ሳይሆን፥ ገና እዚሁ ሳለ ሬጅስትራር ሄዶ ያሳርማል።