የትኞቹ ዋሊያዎች?

ጀሞ ሻይ ቤት ስቀመጥ ዛሬም ሰዎች «በ2006ቱ ቻን ዋሊያዎቹ አዋረዱን» ሲሉ እሰማለሁ። በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል እንኳ አላገባንም፤ ይህን አልክድም። ግን የትኞቹ ዋሊያዎች? በ2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፣ በ10 ሰው ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1ለ1 የተለያየው ቡድን፣ ሳላዲን ሰይድን ከግብፅ ሊግ ጠርቶ ነበር። ቻን ግን በውጭ ሊግ የሚጫወተውን አይቀበልም። ደንቡ ለአገር ቤት ተጫዋች መድረክ ለመስጠት የወጣ ነውና አልቃወመውም። የምቃወመው የሄዱትን ዕዳ በቀሩት ጫንቃ ላይ መጫናችሁን ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ! ውድድሩ የተካሄደው ደቡብ አፍሪካ ነበር። ጌታነህ ከበደም እዚያው ለቢድቬስት ዊትስ ይጫወት ነበር፤ ቡድናችን ደጁ ድረስ ሲመጣ መሰለፍ አልተፈቀደለትም።