ሰላምታ ክህደት አይደለም

ውድ የካፋ ወጣቶች!

ከሰሜን በኩል የጦርነት ወሬ በተነሳ ቁጥር «እሱ እኮ አስመራ ጓደኛ አለው»፣ «እሷ መቀሌ ትደውላለች» እያሉ ሰውን ባንዳ ማለት እየተለመደ ነው። ይሄ ነገር ሳይሰድድ መታረም አለበት።

በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የሁለቱ አገሮች ስልክ ተቋረጠ። እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም ድረስ በቀጥታ መደወል የማይታሰብ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ! ታዲያ ሰው ተረሳሳ? አልተረሳሳም። ሱዳን፣ ጣሊያን፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ መሃል ገብቶ «እናትህ ደህና ናት»፣ «ታላቅህ አረፈ» እያለ አደረሰ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአገር እንዲወጡ ሲደረጉ ንብረታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው የሄዱ ነበሩ። ያንን አደራ የጠበቀ ጎረቤት አገሩን ከዳ? በፍጹም! በእኛ ባህል ከሃዲ የሚባለው አደራ የበላው ነው።

በሰሜኑ ጦርነትም፣ ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ የትግራይ ስልክ ሲቋረጥ፣ የልጁን ድምፅ ለመስማት የጓጓ ወላጅ ጠላት አልነበረም።

«ሰላዩንስ በምን እንለየው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከቀይ መስቀል መልዕክት እንማር። ጦርነት የለያያቸው ቤተሰቦች የሚላላኩበት ይህ ደብዳቤ አይታሸግም፤ የሚጻፍበትም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው። እናንተም መልዕክታችሁን በዚህ መዝኑት። መርዶ፣ የልደት ዜና፣ የመድኃኒት ጥያቄ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ማንም ቢያነበው አያሳፍርም። የሠራዊት እንቅስቃሴና የካምፕ ፎቶ ግን ለገዛ ወንድምም አይላክም። በዚህ ድርድር የለም።

በታቶዎቹ ዘመን የካፋ ድንበር በጥልቅ ቦይ የታጠረ ነበር። ግን በር ነበረው፤ በር ጠባቂም ነበረው። ነጋዴውና እንግዳው በዚያ በር አልፎ ቦንጋ ይገባ ነበር። አባቶቻችን አገር መጠበቅና በር መድፈን አንድ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ወገን፣ አገርህን ጠብቅ፤ ሰላም ያለህን ሰው ግን ባንዳ አትበል። ጦርነት ያልፋል፤ ነገ መልሶ የሚያገናኘን ዛሬ ያልተቆረጠው ሰላምታ ነው።

ሼር አድርጉት!