ኤረር በር ያለውን ቤት ከመሸጣችሁ በፊት

ቶሮንቶም ሜልቦርንም ላላችሁ የሐረር ልጆች። ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ወላጆቻችን አልፈዋል፣ ኤረር በር ያለው ቤት ተዘግቶ ተቀምጧል፣ ልንሸጠው ነው፣ ገንዘባችንም ትንሽ ነው፤ ገዢ እንዲወደው ምን እናድርግበት?

ቤቱን አዲስ ለማስመሰል አንድ ብር እንኳ አታውጡ።

ያለንበት አገር ደላላ ቤት ሲሸጥ የሚመክረውን ታውቁታላችሁ። ግድግዳውን ነጭ ቀቡ፣ የቤተሰብ ፎቶ አውርዱ፣ ሶፋ ተከራዩ ይላል። ለቶሮንቶ አፓርታማ ልክ ነው። ጀጎል ውስጥ፣ ግንብ በከበባት አሮጌዋ ሐረር፣ እንደ እናንተው ላለ ቤት ግን ጥፋት ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በሐረሩ አሚር ኑር ዘመን የተሠራውን ግንብና አምስቱን በሮች ብቻ አይደለም ያየው። ከሁሉ በላይ ያደነቀው የመኖሪያ ቤቶቹን ውስጥ ነው። ገዢም የሚከፍለው ለዚያው ነው።

ጊዲር ጋር፣ ማለትም ዋናው ክፍል፣ ስትገቡ ወለሉም ነደባዎቹም (የመቀመጫ መደቦቹ) በቀይ አፈር ተለስነው ታገኛላችሁ። ነደባዎቹ ከፍና ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ግድግዳው ላይ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ መስኮቶች አሉ፤ በዙሪያቸው ሴቶቹ የሰፏቸው ስፌቶች ይሰቀላሉ። እኔ ያየሁት አንድ ቤት ውስጥ ልጆቹ ከውጭ ገንዘብ ልከው ነደባው ሴራሚክ ለብሷል፣ ጣሪያው ጂብሰም ሆኗል፣ መስኮቶቹም ቴሌቪዥን ይሰቀልበታል ተብሎ ተደፍነዋል። አሁን ክፍሉ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሳሎን አይለይም። ያ ሁሉ ገንዘብ ቤቱን ለማራከስ ወጣ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ትንሿን ገንዘብ ከጣሪያው ጀምሩ። የሚያፈስ ቆርቆሮ ካለ ከክረምት በፊት ይጠገን፤ ውሃ የገባበትን ቤት ማንም አይወደውም። የፈረሰ ግድግዳ ካለ በሲሚንቶ አታስለስኑት። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፣ እርጥበት ወደ ውጭ መተንፈስ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ እርጥበቱም ከውስጥ እየበላው ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል፣ ርካሽም ነው። ረመዳን ወይም አረፋ ሲቃረብ ቤታቸውን የሚያድሱ ጎረቤቶች አሁንም አሉ። የእናታችሁን አፎቻ (ዕድር) ሴቶች ጠይቁ፤ ቀይ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚለሰን ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለሠሩም በአግባቡ ይከፈላቸው፣ በዝምድና ብቻ አይታለፉ።

ቀጥሎ ዕቃ ማውጣት ነው፣ ይህ ደግሞ በነጻ ነው። በእነዚህ ቤቶች ብርሃን በአብዛኛው የሚገባው በበሩ ነው። በር አጠገብ የቆመው ፍሪጅና ነደባው ላይ የወጣው ቁም ሳጥን ይነሱ፤ ቤቱ በግማሽ ቀን ይሰፋል። ስፌቶቹን አክስት ለጥንቃቄ ወስዳቸው ከሆነ ገዢ እስኪያይ ተመልሰው ይሰቀሉ። ከሽያጩ ጋር ይሄዱ እንደሆነ ወይም ለቤተሰቡ ይቀሩ እንደሆነ ግን በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ስፌት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ እኔ ብሆን አልሸጠውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ወረቀቱ ነው። ቅርስ የሆነን ቤት ያለ ፈቃድ ማደስ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያስጠይቃል። ስለዚህ ግንበኛ ከመቅጠር በፊት፣ ከመሸጥም በፊት፣ የሐረሪ ክልልን የቅርስ መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የወራሽነት ማስረጃውን በፍርድ ቤት ጨርሱ። ውክልናውን በምትኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ላኩ፤ ውክልናው ለመሸጥ ጭምር መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት። ወንድምና እህት ሁሉ ሳይስማሙ ለደላላ ቃል አትስጡ። ከእናንተ መካከል ቤቱን ሊያስቀር የሚፈልግ ካለም መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ።